ተራ ማን ያስከብር? ከሸዋ ሮቢት ቦይ እስከ ኪሳችን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ሸዋ ሮቢትን ያውቃታል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጨርስ ሹራቡን የሚያወልቅባት ከተማ ነች። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገደኛው ቀዝቃዛ ነገር ጠጥቶ፣ ሙቀቷን አማርሮ ያልፋል። በዙሪያዋ የሚታየውን ሽንኩርትና ማሾ የሚያጠጣው ውሃ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚጠይቅ ግን የለም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅንም ነበር።

እንድንጠይቅ ያደረገን አንድ ስልክ ነው። ከመካከላችን አንዱ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። አባቱ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሽንኩርት ያለማሉ። የመስኖ ተራቸው ሲደርስ የውሃ አባቱ ስልክ ይደውሉላቸዋል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን። ልጃቸው ደግሞ ሞቅ ብሎት «ዘመናዊ» ስልክ ገዝቶ ላከላቸው፤ ርካሽ፣ ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ሁለት ወር ሳይሞላው በፎቶና በቪዲዮ የታጨቀ። አንድ ሌሊት ያ ስልክ በራሱ ጊዜ አፕሊኬሽን ማደስ ጀመረ። ጥሪው ሲመጣ ስልኩ ጠርቷል፤ አባትየው ስክሪኑን ቢነኩት፣ ቢጎትቱት፣ ቢያሹት ግን ንቅንቅ አላለም። ውሃው የማሳቸውን በር አልፎ ሄደ። ሽንኩርቱም ዙሩ ተመልሶ እስኪመጣ ስምንት ቀን ጠበቀ።

ልጁ ይህን ሲነግረን ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መቆፈር የጀመርነው። ሰፊ ስክሪን ያለው ስልክ አንዲት ጥሪ ማንሳት ያቃተው ለምንድን ነው? መልሱ ወስዶ ወስዶ ከውሃ አባት ሥራ ጋር አገናኘን። በስልኩ ሆድ ውስጥም ቦይ፣ ወረፋና ተራ አስከባሪ አለ። የዚያ ተራ አስከባሪ ታሪክ ደግሞ ወደ ሰባ ዓመት ገደማ የሚጠጋ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ እንጻፋቸው ብንል እኛው ራሳችን እንጠፋለን።)

በመጀመሪያ ግን የውሃ አባት። በአማራ ክልል በባህላዊ መስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ከመካከላቸው ሰው መርጠው የውሃውን ተራ የሚሰጡት ለእሱ ነው። ወንዙ በድንጋይ፣ በእንጨትና በአፈር ይጠለፋል፤ ጎርፍ መጥቶ ጠለፋውን ሲወስደው ገበሬው ወጥቶ እንደገና ይሠራዋል። የውሃ አባቱ ሥራ ተራ መጥራት ብቻ አይደለም። ዛሬ ወንዙ ምን ያህል ይዟል? ዋናው ቦይ ስንት ማሳ በአንድ ጊዜ ይችላል? የትኛው በር ተዘግቷል፣ የትኛው ቦይ ተደርምሷል? ተራውን የሚያወጣው ይህን ሁሉ አይቶ ነው። በ2014 የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷቸዋል፤ ሥራው ግን ከአዋጁ በፊትም ነበረ።

ጓደኛችን የነገረን አንድ ነገር ግን ጆሯችንን አቆመው። ልጅ ሳለ አባቱን «ቀድመን ጠይቀን ሳለ ለምን እነ እገሌ ቀደሙን?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ያስረዱት እንዲህ ነው፤ ውሃ በጠያቂ ቅደም ተከተል አይሄድም፣ በቦይ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ደረቅ ቦይ ራሱ ውሃ ይጠጣል። ውሃውን ዛሬ ከላይ ማሳ፣ ነገ ከታች ማሳ፣ ከነገ ወዲያ እንደገና ከላይ ብታመላልሰው ግማሹን የሚጠጣው ሽንኩርቱ ሳይሆን ቦዩ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጫፍ ተጀምሮ ማሳ በማሳ እየተጠጣ ይወረዳል። ቀድሞ የጠየቀ ሳይሆን ቀድሞ የሚገኝ ያጠጣል።

የኮምፒውተር ሊቃውንት ይህን ሐሳብ ለዲስክ ጽፈው ያሳተሙት በ1967 ነው። እስቲ ወደዚያ እንሂድ።

በመስከረም 1956 አይቢኤም ራማክ የተባለ ማሽን አስተዋወቀ። በውስጡ ያለው ማጠራቀሚያ በዓለም የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ሃርድ ዲስክ ነው። 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሰሃኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ይሽከረከራሉ። ሁሉም በአንድ ላይ የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ታህል። ክብደቱ ከአንድ ቶን ይበልጣል። ሰሃኖቹ 50 ይሁኑ እንጂ የሚያነበው ክንድ አንድ ነበር። ከአንዱ ሰሃን ወጥቶ፣ እንደ ሊፍት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሄዶ፣ ሌላው ሰሃን ውስጥ ገብቶ ያነባል። ይህ ጉዞ በአማካይ 600 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ለሰው ግማሽ ሰከንድ የዓይን ጥቅሻ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ያኔም ቢሆን ረጅም ጊዜ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1961፣ አይቢኤም 1301 የተባለው ዲስክ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን ማንበቢያ ሰጠው። ክንዶቹ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተያይዘው አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሰሃን መለዋወጡ ቀረ፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መመላለሱ ቀጠለ።

መመላለሱ የሚያስከፍለውን በትንሽ ስሌት እንየው። ክንዱ ዜሮ ቁጥር ላይ ቆሟል እንበል። አምስት ትዕዛዞች በዚህ ቅደም ተከተል መጡ፤ 10፣ 190፣ 20፣ 180፣ 30። በመጡበት ተራ ካስተናገዳቸው ክንዱ በድምሩ 670 እርምጃ ይጓዛል። ከታች ወደ ላይ ደርድሮ 10፣ 20፣ 30፣ 180፣ 190 ካላቸው ግን 190 እርምጃ ብቻ። ሥራው ያው ነው፣ ማሽኑ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከሦስት ተኩል እጥፍ ይበልጣል።

በ1967 ፒተር ዴኒንግ የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ (ያኔ ዶክትሬቱን ገና አልጨረሰም) ይህን ጉዳይ በሒሳብ ፈትሾ በአንድ ጉባኤ ላይ አቀረበ። ሁለት መንገዶችን ከመጡበት ተራ ጋር አወዳደረ። አንደኛው ሁልጊዜ ለክንዱ ቅርብ የሆነውን ትዕዛዝ ማስቀደም ነው። ሁለተኛው ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጠረገ እንዲሄድ፣ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስተናገደ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ኋላ «የሊፍት ዘዴ» የሚል ስም አወጣ፤ ሊፍትም የሚሠራው እንዲሁ ነውና። ፎቅ በማይበዛበት አገር «የቦይ ዘዴ» ይባል ነበር፣ የሚል ሐሳብ አቅርበናል፤ የሰማን የለም።

«ቅርቡን አስቀድም» የሚለው ሲታይ ብልህ ይመስላል። አደጋው የራቀው ላይ ነው። ክንዱ አካባቢ አዳዲስ ትዕዛዞች እየመጡ ከቀጠሉ፣ ጫፍ ላይ ያለው ትዕዛዝ ለዘላለም ሊጠብቅ ይችላል። የሊፍቱ ዘዴ ይህን ያስቀራል፤ ቢዘገይም መድረሱ አይቀርም። ግን እሱም ያዳላል። መሃል ላይ ያለው በመሄድም በመመለስም ስለሚታለፍበት እኩል ጊዜ እየጠበቀ ይስተናገዳል፤ ጫፍ ላይ ያለው አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ሁለት ሙሉ ጉዞ ጠብቆ ነው። መፍትሔ ሆኖ የመጣው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያስተናገዱ መጨረሻ ሲደርሱ ባዶ ተመልሶ እንደገና ከመነሻው መጀመር ነው። ክንዱ ባዶውን የሚመለስበት ጊዜ ይባክናል፤ በምትኩ ማንም ከማንም በላይ አይጠብቅም።

ቦይ መጨረሻ ላይ ማሳ ያለው ገበሬ ይህን ክርክር ለማንበብ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። ከላይ ያሉት ትንሽ ትንሽ አብዝተው ባጠጡ ቁጥር እሱ ጋ የሚደርሰው እየሳሳ ይመጣል። ብዙ ውሃ ለብዙ ማሳ ማዳረስና ማንንም አለመርሳት ሁለት የተለያዩ ግቦች ናቸው። ዴኒንግም ሆነ የውሃ አባቱ ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ ነበረባቸው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ክንዱ ብቻ ነው። ክንዱ ቦታው ቢደርስም የተነበበው ነገር ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄድበት ቦይ ያስፈልጋል። ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ የጣመን ይህ ክፍል ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360ን ሲያወጣ ብዙ ዲስኮች አንድ የጋራ መስመር ይጠቀሙ ነበር፤ መስመሩን «ቻነል» ይሉታል። ክንዱ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ቻነሉ ለሌላ ሰው ነፃ ነው። ክንዱ ከደረሰ በኋላ ግን የሚፈለገው መረጃ በሰሃኑ ሽክርክሪት ከማንበቢያው ሥር እስኪመጣ መጠበቅ አለ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ቻነሉ ተይዟል። ማለትም ዋናው ቦይ ባዶውን፣ ለአንድ ሰው ተብሎ፣ ተዘግቶ ይቆማል።

በ1970 ከሲስተም 370 ጋር የመጣው 3330 የተባለ ዲስክ ብልሃት ይዞ መጣ። ሰሃኑ የት እንደደረሰ ራሱ ያውቃል። ስለዚህ «እኔ እስክደርስ ቻነሉን ተጠቀሙበት፣ ልደርስ ስል እጠራችኋለሁ» ብሎ መስመሩን ይለቃል። መረጃው ማንበቢያው ሥር ሊገባ ሲል ቻነሉን ይጠይቃል። ነፃ ከሆነ ያሳልፋል። ተይዞ ካገኘው ግን... ሰሃኑ አይቆምለትም። መረጃው ያልፋል። ሙሉ ዙር መጠበቅ ነው።

እዚህ ጋ ስንደርስ ጓደኛችን ዝም አለ። የአባቱ ሽንኩርት ማለት ይኸው ነው።

3330 በደቂቃ 3600 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ዙር 16.7 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። በቀላል ስሌት እንሂድ። ቻነሉ ከጊዜው 30 በመቶውን በሌሎች የሚያዝ ከሆነ፣ አንድ ትዕዛዝ በአማካይ 7 ሚሊሰከንድ ገደማ በከንቱ ዙር ያጠፋል። 50 በመቶ ከተያዘ አንድ ሙሉ ዙር፣ 16.7። 80 በመቶ ከተያዘ አራት ዙር፣ ወደ 67 ሚሊሰከንድ። አስተውሉ፤ የቻነሉ ሥራ ሦስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ብክነቱ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ዘለለ። «መስመሩ ገና 20 በመቶ ነፃ ነው፣ ሌላ ዲስክ እንጨምርበት» የሚል ሰው ሁሉንም ያዘገያል። በቦይም በታክሲ ተራም ያየነው ነገር ነው። ሙሉ የተያዘ መስመር ሥራ የበዛበት ይመስላል እንጂ ሥራ የሚሠራበት መስመር አይደለም።

ከዚህ መውጫ የተገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ ማብዛት ነው፤ በ1980ዎቹ የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ዲስኩ የጠራበት መስመር ቢያዝ በሌላ ክፍት መስመር እንዲመለስ ፈቀዱ። ሁለተኛው ኩሬ መቆፈር ነው። ዲስኩ ውስጥ ትንሽ ሚሞሪ ይቀመጣል፤ መረጃው ማንበቢያው ሥር ሲያልፍ ቻነል ኖረም አልኖረም ወደ ኩሬው ይገባል፤ መስመሩ ሲለቀቅ ከኩሬው ይቀዳል። ሌሊት የመጣ ውሃ አጠራቅሞ ጠዋት እንደሚያጠጣ ገበሬ ማለት ነው። ያቺ ኩሬ ብዙ አቃለለች። ኋላ እንደምናየው ጣጣም አመጣች።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር የሥልጣን ነው። ተራ የሚያስከብረው ማን ይሁን?

መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተሩ ነበር። ክንዱ የት እንዳለ፣ ስንት ሰሃን እንዳለ ያውቃልና። በ1986 ደረጃው የወጣለት ስካዚ የተባለው የግንኙነት ሥርዓት ግን ነገሩን ቀየረው። ዲስኩ ውስጡን ደበቀ። ለኮምፒውተሩ የሚታየው ከዜሮ ጀምሮ በተርታ የተቆጠረ የቁጥር ዝርዝር ብቻ ሆነ። 5000 ቁጥር የትኛው ሰሃን ላይ እንዳለች ዲስኩ ብቻ ነው የሚያውቀው። በ1990 ማርጎ ሴልትዘርና ባልደረቦቿ የዴኒንግን ጥያቄ እንደገና አነሱ። የክንዱን ጉዞ ብቻ ሳይሆን የሰሃኑንም ሽክርክሪት ቆጥሮ ተራ ማውጣት ብዙ እንደሚያተርፍ አሳዩ። ይህን ለማድረግ ግን ሰሃኑ በዚህ ቅጽበት የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን የሚያውቀው ደግሞ ዲስኩ ነው።

ስለዚህ ሥልጣኑ ወደ ታች ወረደ። ስካዚ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ እንደ ካርኒ ያለ ቁጥር እየሰጠ ብዙ ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ ወደ ዲስኩ እንዲላክ አደረገ፤ ዲስኩ በፈለገው ቅደም ተከተል ይሠራና «የእገሌ ካርኒ አለቀ» ይላል። እኛ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ የምናውቃቸው ርካሽ ዲስኮች ይህን ዕድል ያገኙት ዘግይተው ነው። በሳታ ዲስኮች እስከ 32 ትዕዛዝ መቀበል የተጀመረው 2004 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የቤትና የካፌ ኮምፒውተር አንድ ትዕዛዝ ሰጥቶ፣ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ሌላ ይሰጥ ነበር። አንዱ ፊልም ሲቀዳ ሌላው ኢሜይል መክፈት ለምን እንደሚያቅተው የማይገባን ጊዜ፣ ምክንያቱ በከፊል ይኸው ነበር።

ኮምፒውተሩም ግን ሙሉ በሙሉ ሥልጣን አልለቀቀም። ዲስኩ የማያውቀው አንድ ነገር አለና፤ ትዕዛዙ የማን እንደሆነ። በታኅሣሥ 2003 የወጣው ሊኑክስ 2.6 ውስጥ ብዙ ተራ አስከባሪዎች ተወዳደሩ። አንዱ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ቀነ ገደብ የሚሰጥ ነው፤ ለንባብ ግማሽ ሰከንድ፣ ለጽሕፈት አምስት ሰከንድ። የሚያነበው ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጽፈው ቢቆይም ግድ የለውም ከሚል ሐሳብ ነው። ሌላው ለጆሮ እንግዳ ነው። በ2001 ሲታራም አየርና ፒተር ድሩሽል የተባሉ ተመራማሪዎች ያመጡት ይህ ተራ አስከባሪ ሥራ እያለው ሆን ብሎ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይቆማል። ለምን? አንድ ፕሮግራም አንብቦ ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ወዲያው አጠገቡ ያለውን መልሶ ይጠይቃል። ክንዱ ፈጥኖ ወደ ሩቅ ሥራ ከሄደ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ትንሽ መታገሥ ከመሮጥ ያተርፋል። ውሃ አባቱም ዶማውን ሊያነሳ የሄደን ገበሬ በር ከመዝጋቱ በፊት ትንሽ ይጠብቀዋል ይላል የኛ ሰው። ከ2006 ጀምሮ የሊኑክስ መደበኛ ሆኖ የቆየው ግን ሦስተኛው፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ወረፋ ሰጥቶ በየተራ የሚያዳርሰው ነው።

አሁን ወደዚያች ኩሬ እንመለስ።

ዲስኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሚሞሪ ለጽሕፈትም ታገለግላለች። ኮምፒውተሩ «ይህን ጻፍ» ሲል ዲስኩ ኩሬዋ ውስጥ ያስቀምጠውና «ጽፌያለሁ» ይላል። አልጻፈም። ሲመቸው፣ ክንዱ በዚያ ሲያልፍ ይጽፈዋል። መብራት ካልጠፋ ችግር የለውም። የት አገር እንደምንኖር ግን እናውቃለን።

ከመካከላችን አንዷ በአንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ ከርማ ነበር። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒውተሩ ሞተ። ሲከፈት የጠፋው የመጨረሻው ገጽ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ፋይሉ ጭራሽ አልከፈት አለ። ምክንያቱ ቅደም ተከተል ሊሆን እንደሚችል የገባን ዛሬ ነው። የመረጃ ቋት ወይም የፋይል ሥርዓት ለውጥ ሲያደርግ መጀመሪያ «ይህን ልሠራ ነው» ብሎ መዝገብ ይይዛል፤ ከዚያ ይሠራል፤ ከዚያ «ሠርቻለሁ» ብሎ ይዘጋል። መብራት የትም ላይ ቢጠፋ ከመዝገቡ ተነስቶ ይጠገናል። ዲስኩ ግን ክንዱ እንዲቀናው ብሎ «ሠርቻለሁ» የሚለውን አስቀድሞ ጽፎ፣ ሥራውን ራሱን ኩሬው ውስጥ እንዳለ መብራት ከጠፋስ? መዝገቡ ይዋሻል። የማይዋሽ መዝገብ ከሌለ ጥገና የለም።

ለዚህ ሲባል ነው ለዲስክ የሚላኩ ትዕዛዞች ውስጥ «ኩሬህን አሁን አፍስስ» የሚል ትዕዛዝ ያለው። ከእሱ በፊት የመጡት ሰሃኑ ላይ ሳይቀመጡ ከእሱ በኋላ የሚመጣው አይታለፍም። ፍጥነትን ይገድላል። ስለዚህም አንዳንድ ሰዎች ያጠፉታል፤ ኮምፒውተራቸው ፈጠነ ብለው ይደሰታሉ። መብራት በማይጠፋበት አገር ሲደረግ አይተን እኛም እናድርገው ያልን ለታ መዝገባችንን መሰናበት ነው።

ከ2010 ወዲህ ክንዱ ራሱ እየጠፋ መጣ። በፍላሽ ሚሞሪ የተሠሩት አዳዲስ ማጠራቀሚያዎች ሰሃን የላቸውም፣ አይሽከረከሩም። የግማሽ ምዕተ ዓመት የሊፍት ጥበብ ምን ይሁን? ብዙዎች «ተራ ማስከበር አበቃ» አሉ። አላበቃም፤ የሚጠበቀው ነገር ተለወጠ እንጂ።

ፍላሽ ማለት ብዙ ቺፖች በጥቂት ቦዮች ላይ ተሰክተው ነው። አንድ ቺፕ ከራሱ ላይ ለማንበብ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሰከንድ፣ ለመጻፍ መቶዎች፣ ለመደምሰስ ደግሞ ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል። ሳይደመሰስ እላዩ ላይ አይጻፍም። ቺፑ አንዱን ሥራ ሲሠራ ለሌላው ዝግ ነው። ስለዚህ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ትዕዛዝ ሲመጣለት ቅርብና ሩቅ ብሎ አይጠይቅም። የትኛው ቺፕ ሥራ ፈቷል? ወደ እሱ የሚወስደው ቦይ ነፃ ነው? ኩሬው ቦታ አለው? ሁሉም ቺፖች በአንድ ጊዜ ይጻፉ ቢባልስ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ይበቃል? መልሱን አይቶ ያሉትን ትዕዛዞች ያከፋፍላል፤ የማይቻለውን ያቆያል። ዘመናዊ ቺፖች እየደመሰሱ ሳለ አስቸኳይ ንባብ ቢመጣ ድምሰሳውን አቋርጠው አስነብበው ይመለሳሉ፤ የማሳውን ውሃ ለአፍታ ገታ አድርጎ የሚጠወልግ ችግኝ እንደሚያጠጣ ሰው።

በመጋቢት 2011 የወጣው ኤንቪኤምኢ የተባለ ሥርዓት ደግሞ በሩን አሰፋው። ድሮ አንድ ወረፋ፣ 32 ትዕዛዝ። አሁን እስከ 65 ሺህ ገደማ ወረፋ፣ እያንዳንዱም እስከ 65 ሺህ ገደማ ትዕዛዝ የሚይዝ። እያንዳንዱ የኮምፒውተሩ አንጎል የራሱን ወረፋ ይዞ ማንንም ሳይገፋ ይገባል። ሊኑክስ ግን የራሱ በር ጠቦት ነበር፤ ሁሉም ትዕዛዝ በአንድ ቁልፍ በሚከፈት አንድ ወረፋ ያልፍ ስለነበር ማጠራቀሚያው ሥራ ፈቶ ወረፋው ይንጫጫል። በጥር 2014 በወጣው 3.13 ብዙ ወረፋ ያለው አሠራር ገባ። በ2019 በወጣው 5.0 ደግሞ አሮጌዎቹ ተራ አስከባሪዎች ጠቅልለው ወጡ። ደስ የሚለው፣ ከ2.6 ዘመን ተራ አስከባሪዎች ሁለቱን የጻፈውም፣ ኋላ አሮጌውን አሠራር ያፈረሰውም ያው አንድ ሰው ነው፤ የንስ አክስቦ የሚባል ዴንማርካዊ። ሠርቶ ማፍረስ እንዲህ ሲሆን ያምራል። የሚሽከረከር ዲስክ ላላቸው ግን የቀነ ገደቡ ዘዴ ታድሶ ዛሬም አለ።

ታዲያ ያ የሸዋ ሮቢቱ ስልክ?

ርካሽ ስልኮች የሚጠቀሙበት ማጠራቀሚያ ኢኤምኤምሲ ይባላል። ትዕዛዞችን በወረፋ መቀበል የቻለው በ2015 በወጣው 5.1 በተባለው ደረጃ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አንድ ትዕዛዝ እስኪያልቅ ሌላ አይቀበሉም። ውድ ስልኮች ያኔ ዩኤፍኤስ ወደሚባለው፣ ከመነሻው ወረፋ ወደሚያውቀው ተሻግረዋል። አንድ በአንድ የሚሠራ ማጠራቀሚያ ላይ ስልኩ በፎቶ ሲሞላ ደግሞ የተደመሰሰ ባዶ ቦታ ያልቃል። አዲስ አፕሊኬሽን ሲጻፍ ያረጀውን መልቀም፣ ማዛወርና መደምሰስ ይጀመራል። ጥሪ ማንሻውን ስክሪን ለማሳየት የምትፈለገው ትንሽ ንባብ ከዚያ ሁሉ ኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ቦዩ አንድ፣ በሩ አንድ፣ ከፊት ያለውም የማይቋረጥ። የአባትየው ጣት ስክሪኑ ላይ ሲመላለስ ሆዱ ውስጥ የነበረው ይህ ነው።

ልጁ ባለፈው በዓል ሲሄድ ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ ግማሹን ማጠራቀሚያ ባዶ አደረገው፤ በራሱ ጊዜ የሚያድሰውንም ዘጋው። ስልኩ ፈጥኗል አሉ። አባቱ ሙዚቃ ያዳምጡበታል፣ የልጅ ልጆቻቸውን ያዩበታል። ለውሃው ተራ ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝተዋል፤ ለውሃ አባቱም የሰጡት የእሱን ቁጥር ነው።